በሶ ይዤ ሺህ ማይል

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ፣ ጎረቤት ሳይነሳ፣ ዌምብሊ ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየወደቅኩ እየተነሳሁ። ሰው እያየኝ ከመውደቅ ጨርሶ አለመማር ይሻለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን አገር ከጥግ እስከ ጥግ በብስክሌት ለማቋረጥ ስመዘገብ፣ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ቃል ስመርጥ አንድ ሳምንት ሰነበትኩ። በመጨረሻ እራት ላይ ሳላስበው አመለጠኝ።

"ከየት እስከ የት?" አለች።

"ከላንድስ ኤንድ እስከ ጆን ኦ ግሮትስ። ከደቡብ ምዕራቡ ጥግ ተነስተን እስከ ስኮትላንድ ጫፍ። ሺህ ማይል ገደማ ነው።"

"ባቡር የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ ባቡሩ ምን አረገሽ?"

ሳቅሁ። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነበር። ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀች፤ አስራ አራት አልኳት። ከማን ጋር እንደምሄድ ጠየቀች፤ ዘጠኝ ብስክሌተኞች እንደሆንን፣ ዕቃችንንና ምሳችንን የሚይዝ ቫን እንደሚከተለን ነገርኳት።

"ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ?"

"አላውቃቸውም።"

"ፖስተኛ በር ሲያንኳኳ መኝታ ቤት ገብታ የምትደበቅ ልጅ!" ብላ እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። "አንተ የሰማይ አባት፣ ይችን ልጅ ማን ለወጠብኝ?"

ማንም አልለወጠኝም። እዚህ አገር የመጣሁት በአራት ዓመቴ ነው፤ ትምህርት ቤትም ዩኒቨርሲቲም የገባሁት እዚሁ ነው፤ ሌላ አገሬ የምለው ቦታ በደንብ አላስታውስም። ሆኖም ከለንደን ውጭ የማውቀው በሠርግና በክርስትና ጥሪ የሄድኩበትን ብቻ ነበር። በርሚንግሃም አንድ አዳራሽ፣ ሊድስ አንድ አዳራሽ። በመካከላቸው ያለውን ሁሉ የአውቶቡስ መስኮት ተደግፌ፣ ተኝቼ አልፌዋለሁ። አገሬ ከሆነ ነቅቼ ልየው አልኩ።

በማመልከቻው ቅጽ ላይ "ልዩ የምግብ ፍላጎት አለዎት?" የሚል ጥያቄ ነበር። ጥንቁቅ ሰው ነኝ፤ ካሌንደሩን ቼክ አድርጌአለሁ። ከተነሳን በሦስተኛው ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለም። ይህን ሁሉ በትንሿ ሳጥን ውስጥ ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። በኔ የተነሳ ስንት ሰው ይቸገራል? "የለኝም" ብዬ ላክሁት። ሌላውን ሁሉ ሦስት ጊዜ እያየሁ የሞላሁት ቅጽ ነው፤ ብቸኛዋ ውሸት እሷ ነበረች።

ልንነሳ አንድ ሳምንት ሲቀረን ደብዳቤ መጣልኝ። ቀደም ብዬ አመልክቼ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ያደረጉልኝ ሰዎች ሥራ ሰጡኝ፦ በሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በትክክል በተማርኩበት ሙያ። ሆስፒታሉ ያለው ግን ኢንቨርነስ ነው፤ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ወደ ሰሜን ርቆ። ጉዟችን በዚያው ከተማ ያልፋል። መልሴን የሚፈልጉት ከጉዞ በተመለስኩ ሰኞ ነበር። ከእናቴ ጋር ካልሆነ በቀር የትም ኖሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለራሴ ግን መለኪያ አበጀሁ፦ ቫኑ ውስጥ ሳልገባ፣ አንዲት ማይል ሳላጎድል ከጨረስኩ ሥራውን እቀበላለሁ፤ ካልቻልኩ እዚሁ እቀራለሁ።

እናቴ ሂትሮው አጠገብ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ ለማታውቃቸው ሰዎች ምሳ ስታሽግ ትውልና ቤት ስትገባ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ "በላሽ?" ትለኛለች። የልጇን ስንቅ ለቫን ሾፌር የምትተው ሴት አይደለችም። ፊንስበሪ ፓርክ ካለው የሐበሻ ሱቅ በሶና ቆሎ ገዝታ መጣች። በሶውን በላስቲክ በላስቲክ ቋጥራ፣ በያንዳንዱ ላይ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምራ አሰናዳችልኝ።

"ውሃ ጠብ አርገሽ ማሸት ነው። ይሄ የመንገደኛ ምግብ ነው፣ ጾምም አያስገድፍም። የነፍስ አባታችንን ጠይቄልሻለሁ፤ 'መንገደኛ ናት፣ ሰዓቱን ትተወው፣ ከጥሉላት ብቻ ትራቅ' ብለዋል። ለአስራ አራት ቀን ይበቃሻል፤ ቆጥሬዋለሁ።"

የቆጠረችው ለአንድ ሰው ነበር።

የቫኑ ሾፌር ከዮርክሸር የመጡ፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያበዙ። እንደሌሎቹ በስማቸው ብጠራቸውም በልቤ አንቱ እያልኳቸው ነው የተጓዝኩት። ከብስክሌተኞቹ ደግሞ ቶሎ የቀረበችኝ ከዌልስ የመጣች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ነርስ ነበረች። ዳገት ስትወጣ እንኳ ታወራለች። ለዓይነ አፋር ሰው እንዲህ ያለ ጓደኛ ጸጋ ነው፤ "አዎ" እና "እውነት?" ማለት ብቻ ይበቃል።

ፍልሰታ በገባ ዕለት ዴቨን ውስጥ አንድ የድንጋይ አጥር ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሾፌሩ የቺዝና የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች አደሉ። እኔ "በኋላ እበላለሁ" ብዬ በሶዬን አወጣሁ፤ አሸሁና አምስት ስድስት ድብልብል ሠራሁ። ብቻውን የሚጎርስ ሰው ሆኜ አላደግኩምና እጄን ዘርግቼ "እንብላ" አልኩ። ቤታችን እንዲህ ሲባል የተጠራው ሰው "ይባረክ፣ ብሉ" ብሎ ያልፋል። በጣም ቢገደድ ለቅምሻ ያህል ይቆነጥራል። እነዚህ ግን ስምንቱም "ደስ ይለናል!" ብለው እጃቸውን ሰደዱ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች ነርሷ አፏን ሞልታ።

"ገብስ ነው። የተቆላ ገብስ።"

"ከምገዛው የጉልበት ምግብ ሁሉ ይበልጣል እኮ!"

በማግስቱ ራሳቸው መጡ። "የገብስ ኳሶችሽ የት አሉ?" ይላሉ፤ እኔም ላስቲክ እፈታለሁ። "የለም" ማለት እንዴት ይቻላል? እያዩት? አንዱ ቆሎውን ለብስክሌቱ ቦርሳ ሁለት እፍኝ ጠየቀኝ፤ ሦስት ሰጠሁት። እናቴ ማታ ማታ ደውላ "በሶው አለ?" ስትለኝ "አለ" እላለሁ። በሰባተኛው ቀን የመጨረሻውን ላስቲክ አራገፍኩ፤ ከዚያ ውስጥ ለኔ የደረሰችኝ አንዲት ድብልብል ናት።

ስምንተኛው ቀን ላይ ሻፕ የሚባለው ዳገት አለ። ከጉዞው በፊት ስሙን ያነሳ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ባደርንበት ቤት ቁርስ የቀረበው እንቁላል፣ ሥጋና በወተት የበሰለ አጃ ነበር። ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ ቀምሼ ተነሳሁ። ምሳ የቺዝ ፓይ ሆነ። ሾፌሩ ከቫኑ ጀርባ ቆመው አንድ ሙዝ ከፍ አድርገው ያዙ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

"የመጨረሻው ነው። ትፈልጊያለሽ?"

"አይ፣ አመሰግናለሁ። ደህና ነኝ።"

እኛ ቤት ይህ መልስ የወሬ መጀመሪያ ነው። አንደኛው ጥሪ ላይ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። ሁለተኛው ላይ ማቅማማት ይፈቀዳል፤ እናቴ "በሞቴ" ብላ ሦስተኛ ስትጠራ ደግሞ እጅ መታጠብ ነው። ሾፌሩ ግን "እሺ" አሉና ሙዙን ልጠው በሦስት ጉርሻ ጨረሱት። ቆሜ አየኋቸው። በሥራ ቦታ ይህን የነሱን ደንብ አላጣውም፤ ለንደን ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ሰው ሲደክምና ሲርበው ግን የቤቱ ሰው ይሆናል መሰለኝ። ሁለተኛውን ጥሪ እየጠበቅኩ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

ዳገቱ አያልቅም። በግራም በቀኝም ራቁት ኮረብታ፣ በጎች፣ የሚንጠባጠብ ዝናብ። ነርሷ ቀድማኝ ስትሄድ ድምጿ እየራቀ መጣ፤ ከዚያ ጠፋ። መጀመሪያ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ፍሬኑን መያዝ አቃተኝ። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳልራመድ መንገዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ መሰለኝ፤ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት በግ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ቫኑ ሲደርስ ሾፌሩ ወርደው ፊቴ ላይ አጎነበሱ።

"ምን በላሽ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን እንደበላሽ ነው የጠየቅኩሽ።"

"ዳቦ።"

"መቼ?"

"ጠዋት።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ፖስተኛ ሆነው ሲሠሩ "አይናከስም" የተባለላቸው ስንት ውሻ እንዳዩ ያስታውቃሉ። እኔም መናገር ጀመርኩ፤ ጾሙን፣ ቅጹን፣ በሶውን፣ ሙዙን። እንባዬ መጣብኝና ይበልጥ አፈርኩ።

"ቅጹ ላይ የለኝም ብለሽ ጽፈሻል፤ አንብቤዋለሁ" አሉ። "ለምን?"

"ላስቸግራችሁ አልፈለግኩም።"

ቀና ብለው ዝናቡን፣ ወድቆ የቀረውን ብስክሌቴን፣ መንገድ ዳር መብራት እያበራ የቆመውን ቫን ተራ በተራ አዩ። "አሁንስ አላስቸገርሽኝም?" አሉ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ዳቦ ቆርሰው ማርማላት ብቻ ቀቡልኝ፤ ከፔርሙስ ጥቁር ሻይ ቀዱ፤ ስኳሩን አራት ማንኪያ ጨመሩ። በልቼም መንቀጥቀጡ አልቆመም። ብስክሌቴን ጫኑት፤ እኔንም ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ። ወደምናድርበት መንደር ስድስት ማይል ተኩል ቀርቶ ነበር። በመስኮቱ ውስጥ እያንዳንዷ ስታልፍ አየኋት። ቁልቁለቱ የሚያምር ነበር፤ ዳገቱን የወጣ ሰው የሚካስበት። የኢንቨርነሱ ደብዳቤ አበቃለት አልኩ። በራሴ ቃል፣ በራሴ መለኪያ።

ነርሷ ነገሩን ስትሰማ ጭንቅላቷን ያዘች።

"የጾም ምግብሽን ነው ስምንት ሆነን የበላንብሽ? ራስሽ እኮ ነሽ የሰጠሽን!"

"እምቢ ትላላችሁ ብዬ ነበር።"

"እምቢ እንድንል ነው የጋበዝሽን?" ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ስለ ሦስቱ ጥሪዎች ስነግራቸው ቆሎዬን የወሰደው ሰውዬ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ወዲያ ጨው ለማቀበል እንኳ ሦስት ጊዜ ይጠይቁኝ ጀመር። "ጨው? ... እርግጠኛ ነሽ? ... በሞቴ?" የመጨረሻዋን ቃል በአማርኛ አስጠንቻቸዋለሁ፤ ነርሷ ስትላት ታስቃለች።

እየሳቅን ግን ስድስቱ ማይል ከውስጤ አልወጡም። ሾፌሩ ጥጉ ላይ ብቻቸውን ሾርባ ይጠጣሉ። ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ። አንድ የለፉ ሽማግሌ በኔ ምክንያት በማለዳ ይነሱ? ለዚያውም ዛሬ ካስቸገርኳቸው በኋላ? በሦስተኛው ተነስቼ ሄድኩ።

"ነገ ጠዋት ሌሎቹ ሳይነሱ ካቆምኩበት ቦታ ቢያደርሱኝ፤ የቀረውን ልንዳው።"

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ስድስት ማይል ነው። ማንም አይቆጥርብሽም።"

"እኔ እቆጥረዋለሁ።"

"ጎህ ሲቀድ ቫኑ ጋ ሁኚ። ቁርስ ሳትበዪ ግን አላሳፍርሽም።" ማንኪያቸውን አነሱ።

ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሌላ የሚከተል ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ምንም አልነበረም። አንድ ጊዜ ጠየቅኩ፣ አንድ ጊዜ መለሱ፣ አለቀ። ደንቡ እኔንም እንደሚጠቅመኝ አስቤው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ጉም ብቻ ቀርቶ ነበር። ሁለት ሙዝና በማርማላት የተቀባ ዳቦ በልቼ ያንኑ እርጥብ ሣር አገኘሁት፤ የተቀመጥኩበት ቦታ ገና እንደተጫነ ነበር። ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለቱን ስለቀው ጮህኩ። ሰው ባለበት ጮኼ አላውቅም። ሾፌሩ መስኮታቸውን ከፍተው ከኋላዬ ስለነበሩ ሰምተዋል፤ የቫኑን ጥሩምባ አንዴ ነፉ።

ስኮትላንድ ስንገባ በየካፌው ምግብ የሚያዝልኝ የነርሷ አንደበት ነበር። "ያለ ቅቤ! ያለ ወተት! ልጅቷ ትጾማለች!" እያለች ስታውጅ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን አፏን ስትከፍት ቀደምኳት፤ "ባቄላና ድንች፣ እባክዎ፣ ያለ ቅቤ" አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። መጣልኝ።

ኢንቨርነስ ስንደርስ ሌሎቹ ወንዙ ዳር ሲያርፉ እኔ ብቻዬን ወደ ሆስፒታሉ ታጠፍኩ። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ቤተ ሙከራው የት እንደሆነ ጠየቅኩት። "ናሙና አምጥተሽ ነው?" አለኝ የብስክሌት ልብሴን እያየ።

"አይ፤ እዚያ ልሠራ ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ?" ብሎ ሳቀና ሕንፃውን አሳየኝ። ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልኩት ለማላውቀው ሰው ነው።

የመጨረሻው ቀን ነፋስ ብቻ ነው የማስታውሰው። ባሕሩ ዳር ደርሰን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ለእናቴ ስደውል እረፍት ላይ ነበረች። ከጀርባዋ የሥራ ባልደረቦቿ እልልታ ተሰማኝ። "ወደቅሽ? ጥርስሽ አለ?" አለችኝ። ሁሉም አለ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ከመመለሴ በፊት ኩሽና ገባሁ። እናቴ ሽሮዋን እያማሰለች ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ በሶው በሰባት ቀን ማለቁንም ጭምር። ማማሰሉን አላቆመችም።

"ኢንቨርነስ" አለች። "እዚያ በሳይክል ስንት ቀን ፈጀብሽ?"

"አስራ ሁለት።"

"በባቡርስ?"

"ከለንደን ስምንት ሰዓት ገደማ።"

"ባቡር አለ ማለት ነው።" እሳቱን ቀነሰች። ፊቷን ሳትመልስ፣ "እዚያ ማን ብዪ ይልሻል?" አለችኝ።

"ማንም። እኔ ራበኝ እላለሁ።"

"ለባዕድ ሰው? ራበኝ?"

"አዎ እማ። እነሱ አንዴ ከነገሯቸው ይበቃቸዋል።"

ሽሮውን ከእሳቱ አወረደች። ከዚያ "ብዪ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። ሳላግደረድር ቁጭ አልኩ። ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን "ብዪ" አዘጋጅታ የምትልበት አጋጣሚ ያጣች መሰለኝ።

ከበላሁ በኋላ መልሱን ላክሁ። ረቡዕ ገና ካልለቀቅኩት የለንደን ሥራዬ ስመለስ እናቴ ፊንስበሪ ፓርክ ደርሳ መጥታለች፤ ወለሉ ላይ የቆመው የበሶ ከረጢት ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ላስቲኮቹን ዘርግታ እየቋጠረች ነው።

"እነዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሉት ስንት ናቸው?" አለችኝ። "አንዴ ሲሏቸው የሚበሉ ናቸው ብለሻል፤ እንዳያንስብሽ።"

"አላውቅም፣ እማ።"

"ጠይቂያቸዋ።"